የበረሓ አቧራ ቅርጽና የብርሃን መበተን

በፊዚክስ መማሪያ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ነገሩ ድቡልቡል ነው ብለን እንውሰድ» የሚል ነው። ፕላኔትም ቢሆን፣ የውሃ ጠብታም ቢሆን፣ የአየር ሞለኪውልም ቢሆን ድቡልቡል አድርገን እናሰላዋለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ድቡልቡል ነገር ከየትኛውም ወገን ቢያዩት ያው ነው፤ ቅርጹን ለመናገርም አንድ ቍጥር፣ ማለት ዲያሜትሩ፣ ይበቃል። ሒሳቡ ያልቃል፤ ፈተናውም ይታለፋል። ተፈጥሮ ግን የተማሪን ድካም ለማቅለል ብላ ቅርጿን አትለውጥም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ልማድ የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያሳስት ነው። ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው ከበረሓ የሚነሣው አቧራ ነው። ጉዳዩም የመማሪያ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሳተላይት ከላይ ሆኖ አቧራን አይመዝንም፤ የሚያየው ከአቧራው ተበትኖ የሚመጣለትን ብርሃን ብቻ ነው። ከዚያ ብርሃን ተነሥቶ «በዚህ ቦታ ይህን ያህል አቧራ አለ» የሚለው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ የቅንጣቱን ቅርጽ ከሳተ የአቧራውንም ብዛት ይስታል። በዚያ ቍጥር ላይ ደግሞ ለአውሮፕላን ነጂዎችና ለመተንፈሻ አካል ሕመምተኞች የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲሁም ስለ ምድር ሙቀት የሚደረገው ጥናት ይመሠረታል።

አቧራው ከየት ይነሣል? ምንስ ይመስላል?

በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ አቧራ ወደ አየር የሚልከው የሰሐራ በረሓ ነው። ከሰሐራም ውስጥ እጅግ የታወቀው ምንጭ በሰሜን ቻድ የሚገኘው ቦዴሌ የተባለው ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ይህ ቦታ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የቻድ ሐይቅ እጅግ ሰፊ በነበረበት ጊዜ የሐይቁ ወለል ነበረ። ውሃው ሲደርቅ ዲያቶም የሚባሉት በዐይን የማይታዩ የውሃ አልጌዎች ቅርፊታቸው እንደ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀረ። በቲቤስቲና በኤነዲ ተራሮች መካከል ተጨንቆ የሚያልፈው ኀይለኛ ነፋስ ይህን ዱቄት ጠርጎ ያነሣዋል። የሰሐራ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ እስከ ካሪቢያን ደሴቶችና እስከ አማዞን ደን ይደርሳል፤ በባርባዶስ ደሴት ከ1965 ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በእኛም አካባቢ ቢሆን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር አቧራ ይነሣል፤ በሐምሌና በነሐሴም ከሱዳን በቶከር በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ቀይ ባሕርን በአቧራ ሲሸፍን ከሳተላይት ይታያል።

የቅንጣቶቹ መጠን ልዩ ልዩ ነው። ማይክሮሜትር የሚባለው የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሩቅ የሚጓዘው አቧራ ከማይክሮሜትር ክፍልፋይ ጀምሮ እስከ 20 ማይክሮሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው።

እነዚህ ቅንጣቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በመዶሻ እንደ ተሰበረ ድንጋይ ማዕዘን የበዛበት ነው። ካኦሊናይትና ኢላይት የተባሉት የሸክላ ማዕድናት ደግሞ እንደ ስስ ቅርፊት ተነባብረው ይታያሉ። ድቡልቡል የሆነ ቅንጣት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከብዙ ቦታ የተሰበሰቡትን ልኬቶች አገናዝቦ፣ የአቧራ ቅንጣት ርዝመት በአማካይ ከቀጭኑ ወገኑ 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አስታውቋል። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ከድቡልቡሉ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በዚሁ ጥናት መሠረት በዚህ ምክንያት ቅንጣቱ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ወደ 20 በመቶ ይረዝማል። ቅርጹ ገና ከብርሃን ጋር ሳይገናኝ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ብርሃን ቅንጣትን ሲያገኝ

ብርሃን በአየር ውስጥ ሲሄድ ቅንጣት ቢያጋጥመው ከፊሉ በቅንጣቱ ውስጥ ተውጦ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከፊሉም ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው ነገር መበተን ይባላል። ብርሃኑ ከቀድሞ መንገዱ ምን ያህል እንደ ዞረ የሚነግረንን ማዕዘን የብተና ማዕዘን እንበለው። ወደ ፊት የሄደው 0 ዲግሪ ነው፤ በጎን የወጣው 90 ዲግሪ፤ በመጣበት የተመለሰው 180 ዲግሪ ነው። አንባቢ እነዚህን ሦስት ቍጥሮች በልቡ ይያዝ፤ የሚቀጥለው ክርክር ሁሉ በእነሱ ላይ ነውና።

ቅንጣቱ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እጅግ ካነሰ ሒሳቡ ቀላል ነው። በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1871 ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሚመስል ያስረዳው በዚህ ነው። እንደዚህ ላለ ኢምንት ነገር ቅርጹ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ሞገዱ እጅግ ረጅም ስለሆነ የቅንጣቱን ጠርዝና ጎድጓዳ ለይቶ አያውቀውም።

አቧራ ግን እንዲህ አይደለም። ዲያሜትሩ 2 ማይክሮሜትር የሆነ ቅንጣት እንውሰድ። ዙሪያው 6.28 ማይክሮሜትር ይሆናል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮሜትር ነው። ዙሪያውን ለሞገዱ ብናካፍለው 11 ያህል እናገኛለን፤ ማለት በቅንጣቱ ዙሪያ 11 ሞገዶች ይሰለፋሉ። በዚህ መጠን ሞገዱ እያንዳንዱን ጠርዝ ያውቀዋል። በቅንጣቱ ውስጥ ያለፈው፣ ከላዩ የነጠረውና በጠርዙ የታጠፈው ብርሃን ሁሉ ተገናኝተው በአንዱ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው አቅጣጫ ይጠፋፋሉ።

ይህን ነገር ለድቡልቡል ቅንጣት በተሟላ ሒሳብ የፈታው ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ነው። በ1908 ያሳተመው ጽሑፍ ስለ አቧራ አልነበረም፤ በውሃ ውስጥ የተበተነ የወርቅ ደቃቅ ስለሚያሳየው ቀለም ነበር። ከእርሱ በፊት በ1890 ዴንማርካዊው ሉድቪግ ሎሬንስ ወደዚሁ መፍትሔ ደርሶ ነበር። የሚ መፍትሔ ለድቡልቡል ነገር ምንም ግምት የለበትም፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ስሕተቱ የሚመጣው ሊቁ ስለ ድቡልቡል የተናገረውን እኛ ስለ ተሰባበረ ድንጋይ ስንጠቅሰው ነው።

ወደ ፊት፣ በጎን፣ ወደ ኋላ

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ድቡልቡሉና እውነተኛው አቧራ መጠናቸው አንድ ቢሆን የሚበትኑት ብርሃን በምን ይለያያል? መልሱ እንደምንመለከትበት አቅጣጫ ይለያያል።

ወደ ፊት በሚሄደው ብርሃን ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ትልቅ ቅንጣት ከሚበትነው ብርሃን ብዙው ቅንጣቱን ሳይነካ በጠርዙ ዙሪያ ታጥፎ ወደ ፊት የሚሄደው ነው። ይህም የሚወሰነው ቅንጣቱ በሚጥለው ጥላ ስፋት ነው። ጥላው አንድ ያህል ከሆነ የጠርዙ መሰባበር ብዙ አይታወቅም። አቧራ በበዛበት ቀን በፀሐይ ዙሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ወገግታ ከዚህ የመጣ ነው፤ ያን ወገግታ በድቡልቡል ሒሳብ ብናስረዳው ብዙ አንሳሳትም።

በጎን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ90 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ክልል እውነተኛው አቧራ ከድቡልቡሉ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይልካል። ከዚያ አልፎ ወደ 180 ዲግሪ ስንጠጋ ደግሞ ይገለበጣል፤ ድቡልቡሉ ይበልጥ ይደምቃል፣ እውነተኛው አቧራ ይደበዝዛል።

ይህ ለምን ይሆናል? ድቡልቡል ነገር ሥርዓት አለው። በአንድ በኩል የገባው ጨረር በሌላው በኩል ከገባው ጋር እኩል መንገድ ተጉዞ ይወጣል፤ ስለዚህ በተወሰኑ ማዕዘኖች ላይ ጨረሮች ተሰብስበው ይበረታሉ። ቀስተ ደመና የዚህ ምስክር ነው። ከአውሮፕላን ወደ ታች ስናይ በደመናው ላይ በወደቀው የአውሮፕላኑ ጥላ ዙሪያ የሚታየው ባለ ቀለም ክብም የጠብታዎች ድቡልቡልነት ውጤት ነው። አቧራ ከእንዲህ ያለ ማዕድን ድቡልቡል የተሠራ ቢሆንና ብርሃንን የመስበር ኀይሉ 1.53 ቢሆን ኖሮ፣ ቀስተ ደመናው በ160 ዲግሪ አካባቢ ይወድቅ ነበር። ነገር ግን በአቧራ ደመና ላይ ቀስተ ደመና ያየ ሰው የለም። እያንዳንዱ ቅንጣት በየፊናው የዞረና በየመልኩ የተሰበረ ስለሆነ አንዱ የሚሰበስበውን ጨረር ሌላው ይበትነዋል። ወደ ኋላ ሊሰበሰብ ይችል የነበረው ብርሃን በጎን በኩል ተሠራጭቶ ይቀራል።

የሳተላይቱ ስሕተት እንዴት እንደሚፈጠር

ሳተላይት ከላይ ሆኖ ወደ ምድር ያያል። የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች መጥቶ፣ አቧራውን አግኝቶ፣ ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት አለበት። እንዲህ ሲሆን የብተናው ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ሳተላይቱ ዘወትር የሚመለከተው ድቡልቡሉና እውነተኛው አቧራ እጅግ በሚለያዩበት ወገን ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ለምሳሌ ያህል ቍጥር እንስጥ። በ120 ዲግሪ አንድ መስፈሪያ ድቡልቡል አቧራ 10 መጠን ብርሃን ይላክ እንበል፤ ያው አንድ መስፈሪያ እውነተኛ አቧራ ደግሞ 15 ይላክ። ሳተላይቱ 15 ያያል። ሒሳቡ የተሠራው በድቡልቡል ከሆነ «አንድ ተኩል መስፈሪያ አቧራ አለ» ብሎ ይፈርዳል። አሁን ፀሐይዋ ቦታዋን ትለውጥና ማዕዘኑ 175 ዲግሪ ይሁን፤ በዚህ ጊዜ ድቡልቡሉ 20፣ እውነተኛው 10 ይላክ። ሳተላይቱ 10 አይቶ «ግማሽ መስፈሪያ ብቻ ነው» ይላል። አቧራው ሳይጨምርም ሳይቀንስም ከዕለቱ አንዱ ሰዓት ወደ ሌላው ሲታለፍ ብዛቱ ሦስት እጥፍ የተለወጠ ይመስላል። የለወጠው ነፋስ አይደለም፤ የሒሳብ ጠረጴዛው ነው።

ይህ እንዲያው በሐሳብ የቀረ አይደለም። ቴራ በተባለው፣ በ1999 በተነሣው ሳተላይት ላይ ያለው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ መጀመሪያ ላይ በባሕር ላይ ያለውን አቧራ በድቡልቡል ሒሳብ ያሰላ ነበር። በ2000 በፖርቶ ሪኮ አካባቢ በተደረገው ዘመቻ ከምድር በተለካው ጋር ሲነጻጸር በአቧራ ቀን ልዩነት ተገኘ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የቅንጣቱ ቅርጽ ሆነ።

በምድር ላይ ያሉትም መሣሪያዎች ከዚህ ችግር አላመለጡም። ኤሮኔት የተባለው፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገሮች የተዘረጋው የመለኪያ ጣቢያዎች ማኅበር ፀሐይንና በዙሪያዋ ያለውን ሰማይ እየለካ የቅንጣቶችን መጠን ያሰላል። ስለ በረሓ አቧራ በድቡልቡል ሒሳብ ሲሰላ ውጤቱ በአየሩ ውስጥ የሌሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን ያሳይ ነበር። በጎን የመጣውን ትርፍ ብርሃን የሚያስረዳ ነገር ስላልነበረው፣ ሒሳቡ ደቃቆቹን ከራሱ ፈጠራቸው።

ከድቡልቡል ወደ ሞላላ

ታዲያ መድኀኒቱ ምንድር ነው? የእያንዳንዱን ቅንጣት ትክክለኛ ቅርጽ መዝግቦ ማስላት አይቻልም። ሳይንቲስቶች የመረጡት መካከለኛ መንገድ ሞላላ ቅርጽ ነው። ሞላላ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንደ ገብስ ፍሬ የረዘመ፣ ሌላው እንደ ምስር የተጨፈለቀ። ልዩ ልዩ ርዝመትና ስፋት ያላቸውን ሞላላዎች በብዙ አቅጣጫ አዙሮ በአንድ ላይ መደባለቅ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገውን የሒሳብ ዘዴ በ1965 ፒተር ዋተርማን አቀረበ። ይህን ዘዴ አሻሽሎ ለአቧራ እንዲሠራ ካደረጉት መካከል ዋነኛው ትውልዱ ከዩክሬን የሆነውና በኒው ዮርክ በናሳ ጎዳርድ የጠፈር ጥናት ተቋም ይሠራ የነበረው ሚካኤል ሚሽቼንኮ (1959–2020) ነው። በ1997 እርሱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት የሞላላዎች ድብልቅ የአቧራን ለስላሳ የብተና መሥመር ሊመስል እንደሚችል አሳየ። በኔዘርላንድስ በአምስተርዳም ደግሞ እውነተኛ የማዕድን ብናኝ በሌዘር ጨረር ፊት እየነፉ በየማዕዘኑ የሚበተነውን ብርሃን ለኩ፤ በ2001 የታተመው ልኬት መሥመሩ በጎን በኩል ለጥ ያለ መሆኑን በዐይን አሳየ። በ2006 ኦሌግ ዱቦቪክና ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ አዋሕደው ለኤሮኔት የሚሆን የሞላላ ሒሳብ አቀረቡ። በሌሉበት ይታዩ የነበሩት ደቃቅ ቅንጣቶችም በአብዛኛው ጠፉ።

ሞላላውም ቢሆን የመጨረሻ መልስ አይደለም። እውነተኛ ቅንጣት ገብስም ምስርም አይደለም፤ በተለይም ልክ በ180 ዲግሪ የሚመለሰውን ብርሃን በሚመለከት የሞላላ ሒሳብ ከልኬት ጋር ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ስለዚህ ማዕዘን የበዛባቸውን ቅርጾች የማስላቱ ሥራ ቀጥሏል።

ቅርጹ ምስክር ሲሆን

እስካሁን ቅርጽን እንደ ችግር ተመልክተነዋል። ነገር ግን ያው ችግር ለሚያውቅበት ጠቃሚ ምስክር ሆኗል።

ብርሃን ሲጓዝ ይርገበገባል። የሚርገበገብበትን አቅጣጫ አንድ ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ፖላራይዜሽን ይባላል። ላይዳር የተባለው መሣሪያ እንዲህ ያለ የሌዘር ብርሃን ወደ አየር ይልክና ልክ በ180 ዲግሪ የሚመለሰውን ይቀበላል። ብርሃኑ ያረፈው በድቡልቡል ጠብታ ላይ ከሆነ የተመለሰው በላከው አቅጣጫ እየተርገበገበ ይመጣል። ድቡልቡሉ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ርግብግቢቱን ወደ አንዱ ጎን የሚያዘነብልበት ምክንያት የለውም። የተሰበረ ቅንጣት ግን ግራው ከቀኙ አይገጥምም፤ ስለዚህ ከሚመልሰው ብርሃን ከፊሉን ወደ ሌላው አቅጣጫ ያዞረዋል።

የዞረው ላልዞረው ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ብዙ ይናገራል። አረንጓዴ ሌዘር፣ ማለት የሞገዱ ርዝመት 532 ናኖሜትር የሆነው፣ በሰሐራ አቧራ ላይ ሲያርፍ ቍጥሩ 0.3 ያህል ነው። ለእርጥብ የባሕር ጨው ጠብታ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ ከአየሩ የተመለሰውን ብርሃን አይቶ «ይህ አቧራ ነው፣ ያኛው ጠብታ ነው» ብሎ መለየት ይቻላል። ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ ከፍ ባለው ደመና ያለው የበረዶ ቅንጣትም ድቡልቡል ስላልሆነ ርግብግቢቱን ያዞራል፤ ከፍታውንና የአየሩን ቅዝቃዜ አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ካሊፕሶ የተባለው ሳተላይት በሚያዝያ 2006 ተነሥቶ እስከ 2023 ድረስ በዚህ ዘዴ አቧራው በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሲያሳይ ኖሯል። በግንቦት 2024 የተነሣው ኧርዝኬር የተባለው ሳተላይትም ላይዳር ይዞ ወጥቷል።

በመጨረሻ ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ድቡልቡሉ በሁሉ ቦታ ያሳስታል ማለት አይደለም። የአቧራ ደመና ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበትነውን ብርሃን በአንድ ላይ ደምረን ምድርን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ስናሰላ፣ በጎን የጎደለው ወደ ኋላ በተረፈው ይካካሳል። የአቧራው ብዛት አስቀድሞ በትክክል ከታወቀ ቅርጹ በዚህ ድምር ላይ የሚያመጣው ልዩነት በመቶ ጥቂት ብቻ ነው። ችግሩ ብዛቱን የምናውቀው ከአንድ አቅጣጫ በሚያይ ሳተላይት መሆኑ ነው፤ የአንድ አቅጣጫ ስሕተት ደግሞ የሚያካክሰው የለም። ድምሩን ትክክል የሚያደርገው ግምት ነጠላውን ልኬት ሊያበላሸው ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ለኛ ለተማሪዎች የሚተርፈን ትምህርት ይህ ነው። «ድቡልቡል ነው እንበል» ማለት ነውር አይደለም፤ ሚም ያለዚያ ምንም ባልፈታም ነበር። ነገር ግን ግምቱን በወረቀት ላይ ስናሰፍር ሁለት ጥያቄ አብረን እንጻፍ፤ የምንፈልገው ድምሩን ነው ወይስ ከአንድ ወገን የሚታየውን? የምናየውስ ከየት ቆመን ነው? ከፀሐይ ፊት ለፊት ቆሞ ወገግታውን የሚለካ ሰው ድቡልቡሉን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከሳተላይት ወደ ታች የሚያይ ግን የቅንጣቱን ጠርዝ ሳያስብ ስለ አቧራው ብዛት አንድ ቃል እንኳ ባይናገር ይሻለዋል።